የወለተ ሥላሴ ግራ ዓይን

ወለተ ሥላሴ የካህናት ልብስ ትሰፋለች። ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ቆላው ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ባለች መንደር ከባሏ ከቄስ ኃይለ ገብርኤል ጋር ትኖራለች። እሱ በመንደሩ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። እሷ መስኮቱ አጠገብ ባቆመችው የእግር ስፌት መኪና ካባ፣ መጎናጸፊያና የጥምቀት ጥላ ትሰፋለች። ሥራዋ ከአንኮበር አልፎ ጣርማ በርና እነዋሪ ድረስ ይፈለጋል። ወርቀ ዘቦ ስትቆርጥ እጇ አይስትም ይሏታል።

ሲጋቡ እሷ ሃያ ዓመቷ፣ እሱ ሃያ አምስት ነበር። ያን ጊዜ ዲያቆን ነው። በቁርባን ተጋቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ቅስና ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳይወልዱ አለፈ። በቁርባን ያገባ ካህን ሚስቱን ትቶ ሌላ ላግባ ካለ ክህነቱ ይቀርበታል። ይህን ወለተ ሥላሴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ አባቷም ቄስ ነበሩ። ስለዚህ ባሏ ከቅዳሴ ተመልሶ ደጁን ከፍቶ በገባ ቁጥር፣ ማዕድ ላይ አጉርሷት በሳቀ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣባት ነበር። እኔን ብሎ ነው የሚኖረው ወይስ ክህነቱን ብሎ? ጠይቃው ግን አታውቅም ነበር።

ሌላም ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። የወር አበባዋ ከቆመ አምስት ዓመት ሊሆነው ነበር። መጀመሪያ የቀረባት ጊዜ አረገዝኩ ብላ ሁለት ወር በደስታ ጠበቀች። እንዳልሆነ ሲገባት ዝም አለች። በአገሩ ደንብ ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ወለተ ሥላሴም ሰው እንዳያውቅባት ብላ በየወሩ አንድ እሑድ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ጥድ ሥር ቆማ ታስቀድስ ነበር። ጎረቤቶቿ አይተው ያልፋሉ። ባሏ ቅዳሴ ወጥቶ እዚያ ሲያገኛት ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል፤ በዚህም ወር አልሆነም ማለቱ ነው። እሷም ይገባታል።

ከዚህ የባሰባት ግን ወተቱ ነው። አንድ ቀን ልብሷን ስታጥብ ደረቱ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየች፤ ጡቷን ጫን ብታደርገው ወተት ወጣ። ወልዳ የማታውቅ ሴት ወተት ከየት ታመጣለች? እግዜር የቀለደባት መሰላት። እንዲህ በማሰቧ ደግሞ ደንግጣ ንስሐ ልትገባ አማራት፤ የንስሐ አባቷ ግን የባሏ አጎት ናቸው። ስለዚህ ጡቷን በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ከላይ ቀሚሷን ለብሳ ኖረች።

የዓይኑ ነገር የመጣው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ ነው። ራስ ምታቱ እንኳ ከጀመራት ሰንብቷል፤ ማቀርቀር ያመጣው ነው ብላ ሻሿን አጥብቃ ታስርበት ነበር። አንድ ጠዋት በመርፌ ቀዳዳ ክር ልታስገባ ስትል ሁለት መርፌ፣ ሁለት ክር አየች። ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችው፤ ሁለትነቱ አልጠፋም። አንዱን ዓይኗን ስትጨፍን አንድ ይሆናል፤ ስትገልጠው መልሶ ሁለት። በሳምንቱ የግራ ዓይኗ ሽፋን መክበድ ጀመረ። ጥቅምት ሲጋመስ ጨርሶ ወደቀ። ፊቷ በግማሽ የተኛች ሰው ፊት መሰለ። ሽፋኑን በጣቷ ስታነሳው ዓይኗ ወደ ውጭ ሸሽቶ፣ ብሌኑ ሰፍቶ ይታያል።

ሽፋኑ ከወደቀ በኋላ ሁለት ማየቱ ቀረላት፤ የሚያየው አንዱ ዓይኗ ብቻ ነውና። በአንድ ዓይኗም መስፋቷን አልተወችም። ግን ጨርቁ ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት አቃታት፤ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ታፈሳለች፣ ስትጠልፍ ጣቷን ትወጋለች። ከመንደሩ ሰው አንዱ መጋኛ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ኃይለ ገብርኤል ጠዋት ጠዋት ሰባት ቀን ጸበል አጠመቃት፤ ደግሞ ሌላ ሰባት ቀን። በአሥራ አራተኛው ቀን ሲመለሱ፣ ነገ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንሄዳለን አላት። ጸበሉን ትተን? ብላ ጠየቀችው። ማን ትተን አለሽ፣ ይዘነው እንሄዳለን አለ። በማግሥቱም አምስት ሊትር ጀሪካን በሁለት ጉልበቱ መሃል አድርጎ አውቶቡስ ላይ ተቀመጠ።

ደብረ ብርሃን ያረፉት እትዬ አስካለ ቤት ነው። አስካለ የኃይለ ገብርኤል ታላቅ እህት ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ ገና ሕፃን ስለነበር እሷ ናት ያሳደገችው፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርታ አስተምራዋለች፣ ድራዋለች። ወለተ ሥላሴ ትፈራታለች። ክፉ ተናግራት አታውቅም። ግን ለበዓል አንኮበር በመጣች ቁጥር ገና ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኗ የሚያርፈው የወንድሟ ሚስት ሆድ ላይ ነበር። ያን ዕለት ግን በሩን ከፍታ ፊቷን ስታይ ተመልሳ ገብታ የራሷን አልጋ አነጠፈችላቸው።

ሆስፒታል ያየቻት ዶክተር ሠናይት የምትባል የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት። ወጣት ናት፤ አትቸኩልም። ባትሪ እያበራች ብሌኖቿን አየች፤ ጣቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ እያንቀሳቀሰች በዓይንሽ ተከተዪኝ አለቻት። የግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋም፣ ወደ ላይም አልሄድ አለ። ሐኪሟ ለሁለቱም አስረዳቻቸው። የዓይንን ሽፋን የሚያነሳውና ዓይንን የሚያዞረው ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ በራስ ቅል ወለል ላይ ሲያልፍ መንገዱ ጠባብ ነው፤ እዚያ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ የውኃ ጎማ ላይ ድንጋይ ቢቀመጥ ውኃው እንደሚቆም ማለት ነው አለች። በማግሥቱ ራሷን በሲቲ ስካን አነሷት። ከሁለቱ ዓይኖቿ ኋላ፣ የራስ ቅሏ ወለል ላይ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ዕጢ ተገኘ።

ዶክተር ሠናይት ነገሩን አልሸፋፈነችም። ካንሰር አይመስለኝም፣ ግን ቦታው ክፉ ነው አለች። አዲስ አበባ ሄዳ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ እንዲህ ያለውን በአፍንጫ በኩል ገብተው የሚያወጡበት ጊዜ አለ፣ ራስ ቅል ከፍተው የሚያወጡበትም ጊዜ አለ። ከዚያ ብዕሯን አንስታ የወር አበባሽ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ወለተ ሥላሴ አጠገቧ ነጭ ጥምጥሙን አድርጎ የተቀመጠውን ባሏን አየች፤ ደህና ነው አለች። ከጡትሽ የሚወጣ ፈሳሽ አለ? የለም አለች። ሐኪሟ ጻፈች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ወረቀትም አዘጋጅታ ሰጠቻቸው።

ወጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ያገኘው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ኃይለ ገብርኤል ወረቀቱን አጣጥፎ ከደረቱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው፤ መልሶ ከተተው። ወለተ ሥላሴ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ራስ ቅል ከፍተው የሚለው ነበር።

«መምሬ» አለችው፤ ከቀሰሰ ወዲህ የምትጠራው እንዲህ ነው። «እኔ ብሞት መመንኮስህ ነው?»

«ሞትን ምን አመጣው?»

«ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም። ወይ ትመነኩሳለህ፣ ወይ ክህነቱን ትተዋለህ። እና ምን ታደርጋለህ?» ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የያዘችው ወጣ። «ክህነቱ ባይኖር እኮ እስካሁን ትተኸኝ ነበር። አውቃለሁ። አልፈርድብህም።»

በሽተኛ በወንበር እየገፉ ሁለት ሰዎች በፊታቸው አለፉ፤ ኃይለ ገብርኤል እስኪርቁ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እትዬ አስካለ ጠርታ መክራው ነበር። ክህነቱን ተው፣ የአባታችን መሬት ወራሽ የለውም፣ አግባና ውለድ፤ እግዜርን ሳትቀስስም ታገለግለዋለህ ብላዋለች።

«አልዋሽሽም፣ ሦስት ቀን አሰብኩበት» አላት። «ክህነቱን መተው ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ ሳየው የምችለው ሆኖ አገኘሁት። ያለ ክህነትም ሰው ይጸድቃል። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ማታ ወደ ቤት ስገባ ሌላ ሴት ደጅ ስትከፍትልኝ ላስብ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ተውኩት። ለአስካለም እንዲሁ ነው ያልኳት።»

ወለተ ሥላሴ አለቀሰች። ከተከደነው ዓይኗም ሳይቀር እንባው ወረደ። እሱ በጋቢው ጫፍ ጠረገላት፤ ሰው ያያል ብሎ ግን እጁን ቶሎ መለሰ። በኋላ ተነሳችና ሐኪሟን ዋሽቻታለሁ፣ ተመልሼ ልንገራት አለችው። አብሯት ሊነሳ ሲል፣ እዚሁ ጠብቀኝ፣ መጀመሪያ ለእሷ ብቻ ልናገረው፣ ከዚያ ለአንተ እነግርሃለሁ አለች።

ተራ የሚጠብቁትን ይቅርታ እየጠየቀች ገባች። ዶክተር ሠናይት ሌላ ካርድ ይዛ ነበር፤ አስቀመጠችው። ወለተ ሥላሴ ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ስለ አምስቱ ዓመትና ስለ ወተቱ ነገረቻት።

«ይሄን እስከ ዛሬ ለማን ተናግረሻል?» አለች ሐኪሟ።

«ለእርስዎ ብቻ።»

ዶክተር ሠናይት ወንበር ሳበችላትና አስቀመጠቻት። ዕጢው ባለበት በዚያ ቦታ፣ በሰው ሁሉ ራስ ውስጥ፣ ባቄላ የማታህል የተፈጥሮ እጢ አለች፤ የወር አበባ እንዲመጣ፣ የወለደች ሴት ወተት እንዲኖራት የምታዘው እሷ ናት ብላ አስረዳቻት። አንዳንዴ በዚያች በተፈጥሮዋ እጢ ላይ የበሽታ ዕጢ ያድጋል፤ ያደገውም ያለ ማቋረጥ ወተት አምጪ እያለ ያዛል። ወተቱ ሲታዘዝ የወር አበባው ይቆማል፤ የወር አበባው ሲቆም መውለድ አይኖርም። እያደገ ሲሄድ ደግሞ አጠገቡ የሚያልፈውን የዓይን ነርቭ ይጫነዋል።

«መካን አይደለሽም ማለቴ ነው» አለች ሐኪሟ። «ቢያንስ እስካሁን ማንም መካን ናት ሊልሽ አይችልም። ደምሽ ይመርመር። ያሰብኩት ከሆነ ይሄ ዕጢ ብዙውን ጊዜ በክኒን ነው የሚሟሽሸው።»

ወለተ ሥላሴ ባልናገር ኖሮስ ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ አዲስ አበባም መመርመራቸው አይቀርም ነበር፣ ግን መንገዱን አሳጠርሽው፣ ፍርሃቱንም አሳጠርሽው አለቻት።

ግቢው ውስጥ ተመልሳ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ኃይለ ገብርኤል ሳያቋርጥ ሰማ። ስለ ጥዱ ሥር ስትነግረው ግን ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ጀመር። አምስት ዓመት፣ በየወሩ አንድ እሑድ፤ ስልሳ ቅዳሴ። ስልሳውን ሁሉ ዝናብና ብርድ ያለ ምክንያት ደበደበሽ ማለት ነው አላትና እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ።

ደሙ የሚመረመረው አዲስ አበባ ተልኮ ስለነበር ውጤቱን አሥር ቀን መጠበቅ ነበረባቸው። ኃይለ ገብርኤል ለሰንበት ቅዳሴ አንኮበር ሄዶ እስኪመለስ ወለተ ሥላሴ አስካለ ቤት ቀረች። በሁለተኛው ቀን አስካለ ከፋብሪካ ተመልሳ ውኃ አሞቀች፤ ነይ ራስሽን ልጠብሽ አለቻት። ጓሮ፣ በበርሜሉ አጠገብ፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አስቀምጣት፣ ሳሙናው ወደ ታመመው ዓይኗ እንዳይገባ በመዳፏ እየከለለች አጠበቻት። አስካለ ውኃውን ስታፈስ ቆየችና ነገሩን አመጣችው።

«አንቺን እንዲተው መክሬው ነበር።»

«ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

አስካለ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። «ማክሰኞ ነግሮሽ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት አደርሽ?»

«የት ልሂድ፣ እትዬ? አልጋውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

አስካለ ሳቀች። ወለተ ሥላሴም ሳቀች፤ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባና አቃጠላት። አስካለ ፎጣውን አምጥታ ጠቅልላት፣ ፀጉሯን እያበጠረች፣ ለወንድሜ ብዬ ነው ያልኩት፣ ስለ አንቺ ሳላስብ ነው ያልኩት አለቻት። ወለተ ሥላሴ ሌላ ይቅርታ አልጠበቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሆስፒታል የምትሸኛት አስካለ ሆነች። በወረፋው ቦታ ተሟግታ ትይዝላታለች፤ ያልገባትንም ነገር ሐኪሟን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እየጠየቀች ታስደግማለች።

ውጤቱ መጣ። ጤነኛ ሴት ሃያ አምስት የማይሞላ የሚኖራት ያ ወተት አምጪ ንጥረ ነገር እሷ ደም ውስጥ ከሦስት ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ሠናይት ወረቀቱን እያሳየቻቸው ፈገግ አለች፤ ሰው ቁጥሩ በዝቶ ሲገኝበት ሐኪም ሲደሰት አይተው የማያውቁት ባልና ሚስት ግራ ገባቸው። እንዲህ የበዛ እንደሆነ ዕጢው ያው ያልኩት ነው ማለት ነው፣ ክኒኑ ይሠራበታል አለቻቸው። አዲስ አበባ ሄደው ኤምአርአይ ተነሳች። ያዩዋት የቀዶ ሐኪም ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ፎቶውን መስታወት ላይ ለጥፈው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ይሄን እኔ አልነካውም፣ መጀመሪያ መድኃኒቱ ይሞከር አሉ። ኃይለ ገብርኤል እዚያው ቆሞ እጃቸውን ሳመ፤ እሳቸው ደግሞ ቄስ ሆነህ እንዴት አንተ ትስመኛለህ ብለው በእጁ የያዘውን መስቀል ተሳለሙ።

ክኒኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማታ፣ ከምግብ በኋላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ሰኞና ሐሙስን መረጡ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዷት። ድንገት ስትነሳ ቤቱ ይዞርባታል፤ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል። መንደሩ ውስጥ የቄሱ ሚስት አረገዘች የሚል ወሬ ወጣ። ደጃፏ ድረስ የመጣች ጎረቤት አጥሚት ይዛላት ነበር። ወለተ ሥላሴ አላረገዝኩም፣ መድኃኒት ነው ብላ እውነቱን ነገረቻት፤ አጥሚቱን ግን ጠጣችው።

ከገና በፊት ሽፋኑ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ያየው ኃይለ ገብርኤል ነው፤ ምሳ ላይ ሳለች ግራ ዓይንሽ ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ አላት። መስታወት አመጣች። ክር የምታህል ስንጥቅ ተከፍታለች። ሁለቱም አልጮኹም፣ እልልም አላሉ፤ መስታወቱን እየተቀባበሉ አዩ። በሳምንቱ ስንጥቋ የጣት ጥፍር አከለች። በጥምቀት ሰሞን ዓይኑ ግማሽ ተከፈተ፤ ሲከፈትም ሁለት ማየቱ ተመለሰባት። አንድ ቀን ባሏ ከማኅሌት ሲመለስ ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ሁለት ኃይለ ገብርኤል ጎን ለጎን ብቅ አሉ።

«ዛሬ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ» አለችው።

«የትኛው ይሻላል?»

«በስተቀኝ ያለው ጥምጥሙ ተጣሟል።»

ዶክተር ሠናይት ይህን ስትሰማ ነርቩ እየነቃ ነው፣ ጥቂት ታገሺ አለች። ለጊዜው መነጽር ሰጥታ አንዱን መስታወት በፕላስተር ሸፈነችላት። ወለተ ሥላሴ በፕላስተሩ ላይ ትርፍራፊ ወርቀ ዘቦ ለጥፋበት መንደሩን ስትዞር ሰነበተች። ሁዳዴ ጾም ከመጋመሱ በፊት ፕላስተሩ ተነሳ። ፊት ለፊት ስታይ አንድ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አንድ። ወደ ላይ አንጋጣ ስታይ ብቻ አሁንም ሁለት ነው፤ ያ ላይለቅሽ ይችላል ተብላለች። ጨረቃን ሁለት አድርጌ ማየት ምን ይጎዳኛል ትላለች።

በመጋቢት፣ በሁዳዴ መካከል፣ የወር አበባዋ መጣ። ለእሑዱ ቅዳሴ ከቅጽሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ቆመች። ውርጭ ነበር፤ እግሯ ደነዘዘ፤ እሷ ግን ፈገግታዋን መያዝ አቃታት። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ምን ያስቅሻል ብለው ጠየቋት፤ ብርዱ ነው አለች። ቅዳሴ ሲወጣ ኃይለ ገብርኤል ከሌሎቹ ካህናት ጋር ብቅ አለ፤ አያትና ቆመ። ዓይኑን ወደ መሬት አልጣለም። ካህናቱ ወደ ደጀ ሰላሙ ሲያልፉ እሱ መንገዱን ለቆ መጣና ሕዝቡ እስኪበተን ድረስ አጠገቧ ቆመ።

ደብረ ብርሃን ሄደው ሲነግሯት ዶክተር ሠናይት ደስ አላት፤ ግን አስጠነቀቀቻቸው። አሁን ልታረግዢ ትችያለሽ፣ ነገር ግን ዕጢው ገና አልኮሰመነም፤ በእርግዝና መልሶ ቢያብጥ ዓይንሽን ሊጎዳ ይችላል፤ አንድ ዓመት ያህል ጠብቁ አለች። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስጠን ያሉ ሰዎች አሁን ለአንድ ዓመት እንዳይመጣ ተጠንቀቁ ሲባሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐኪሟ እንዴት ልትጠነቀቁ ታስባላችሁ ብላ ጠየቀች። ኃይለ ገብርኤል ቆጠረላት፤ ዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን፣ የሐዋርያት ጾም፣ ፍልሰታ አሥራ አምስት፣ የነቢያት ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የቅዳሴ ዋዜማው ሁሉ።

«ከዓመቱ ግማሽ የሚበልጠው ቀድሞም የተዘጋ ነው» አለ። «ለተረፈው ጥቂት ቀን ምክር ይስጡን።»

ዶክተር ሠናይት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ምክሩንም ሰጠቻቸው።

ያ ዓመት በወለተ ሥላሴ ዕድሜ ከሁሉ የተሻለው ሳይሆን አይቀርም። ራስ ምታቱ የለም። ጡቷን የምታስርበትን ጨርቅ ፈታ ለመኪናው መወልወያ አደረገችው። በሠላሳ ዓመቷ ንስሐ አባቷ ፊት ቀርባ ስለ ወተቱ ተናገረች፤ አጎትየው በሽታ ኃጢአት አይደለም፣ ያልሠራሽውን አትናዘዢ ብለው መለሷት። አስካለ በየወሩ መጨረሻ እየመጣች ሁለት ቀን ታድራለች፤ ስትመጣ ዓይኗ የሚያርፈው ወለተ ሥላሴ ዓይን ላይ ሆነ። ሽፋኑ ከፍ ያለ ይመስለኛል፣ ዝቅ ያለ ይመስለኛል እያለች ትለካለች።

ዓመቱ ሲያልቅ ዳግመኛ ኤምአርአይ ተነሳች። የእንቁላል አስኳል ያህል የነበረው ዕጢ የሽምብራ ያህል ሆኗል፤ ከዓይን ነርቮቹም ርቋል። ዶክተር ሠናይት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻቸውና ከእንግዲህ የእናንተ ፈንታ ነው አለቻቸው። ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ሲገባደድ ወለተ ሥላሴ እንደገና አቅለሸለሻት፤ በዚህ ጊዜ ግን ምክንያቱ ክኒኑ አልነበረም። ምርመራው ሁለት ወር ሊሆናት ነው አለ። ክኒኑን አስቆሟት፤ በየወሩም እየመጣች ዓይኗ እንዲታይ ታዘዘች። አንድ ዓይኗን ሸፍና ወደ ነጭ ሳህን መሳይ ነገር ውስጥ ታያለች፤ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር በእጇ የያዘችውን ቁልፍ ትጫናለች። እስካሁን አንድም አላመለጣትም።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አስካለ ከፋብሪካው ጡረታ ወጥታ አንኮበር ከርማለች፤ ቤቱን እንደ ፋብሪካው ፈረቃ ታስተዳድረዋለች። ከእነዋሪ አንድ አጥቢያ ለጥምቀት የሚሆን ትልቅ ጥላ አዝዟል፤ ሐምራዊ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ። ወለተ ሥላሴ ሆዷ ከመኪናው ጋር አልገናኝ ብሏት ስለተቸገረች ኃይለ ገብርኤል ከሰዓት በኋላ ከሰዓቱ ጸሎት ሲመለስ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ፔዳሉን ይረግጣል፤ እሷ ከጎን ቆማ ጨርቁን ትመራለች። እሱ ይቸኩላል፤ ስፌቱ ይጎብጣል፤ እሷ ትፈታዋለች። ልጁ የሚወለደው ጥር ላይ ስለሆነ ጥላውን በታኅሣሥ እጨርሳለሁ ትላለች። አስካለ በዚህ አረጋገጥ ለከርሞው ጥምቀትም አይደርስ ትላለች። ትናንት ግን የመጀመሪያውን ዘርፍ ዙሪያውን ገጥመው ጨርሰዋል፤ ወለተ ሥላሴ ወደ መስኮቱ ወስዳ በሁለቱም ዓይኗ አየችውና ይሄኛውስ አይፈታም አለች።